ሻንጣውና ድንጋዩ

ሰውን በምን ታውቁታላችሁ? በአነጋገሩ የሚል አለ፤ በአበላሉ የሚልም አለ። ዳባት ውስጥ፣ ሰው እንጀራ ሲቆርስ አይቶ እስከ ሰባት ቤት ዘሩን የሚቆጥር አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ተሳስቶ የሚያውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያን ቀንም የገዛ ወንድሙን ባዕድ አደረገው። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ደባርቅ ላይ በበቅሎ ጭነት ስጭን ነውና ሰውን የማውቀው በጓዙ ነው። ፊቱን ሳላይ ጓዙን አይቼ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በሩ ላይ እንደምትቀበለው ወይም ከጓዳ ሆና እንደምትሳደብ ልነግራችሁ እችላለሁ። ወደ ዋልድባ የሚወርድ መናኝ በአንዲት ስልቻ በሶ ሁለት ወር ይሰነብታል። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ ነጋዴ ከዕቃው ይልቅ ዕቃውን ያሰረበትን ገመድ ይጠብቃል። በጦርነቱ ዘመን ከጦር ሜዳ የሚመለሰው ወታደር ደግሞ አንዲት ባዶ ኮዳ ብቻ አንጠልጥሎ ይመጣ ነበር፤ እግሩን ሲጎትት ያየው ሰው ግን ወፍጮ የተሸከመ ይመስለዋል።

የፈረንጅ ጓዝ ለብቻው ነው። ፈረንጅ የሚሸክፈው ለሚሄድበት አገር አይደለም፤ ለሚፈራው ነገር ሁሉ ነው። ለብርዱ አንድ፣ ለሙቀቱ አንድ፣ ለዝናቡ አንድ፣ ለሆዱ ሁለት። እኛ የምንፈራው ከፈረንጅ አንሶ አይደለም፤ መሸከፊያ ስለሌለን ፍርሃታችንን በሆዳችን ይዘን እንዞራለን እንጂ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ስለ በቅሎ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በቅሎ ሁለት ጎን አላት። ይህንን ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያሻም ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ስንቱ የተማረ አስጎብኚ ሳያውቀው ቀርቷል መሰላችሁ። በግራ የጫናችሁትን ያህል በቀኝ ካልጫናችሁ ኮርቻው ይዞራል፤ ኮርቻው ከዞረ የመጫኛው ጠፍር ሆዷን ይቆርጣታል፤ በስሜን ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ አንዴ የተንገዳገደች በቅሎ የምታርፈው ሌላ ወረዳ ነው። ስለዚህ በአንድ ጎን የሚጫነው ዕቃ ወንድም ካጣ፣ በሌላው ጎን ድንጋይ እንጭናለን። አትሳቁ፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የኖሩት። እያንዳንዱ ጫኝ የራሱ ሚዛን ድንጋይ አለው፤ ሰው ድንጋዩን እንደ ምላጩ ለባልንጀራው አያውስም። የኔዋ ከሊማሊሞ አፋፍ ያመጣኋት ጥቁር ድንጋይ ነበረች፤ ሆዷ የለሰለሰ፣ ወገቧ ላይ ለጠፍሩ የምትመች ስርጉድ ያላት። ሚስቴ በዚያች ድንጋይ ትቀና ነበር ብል አላጋነንኩም። እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ለብዙ ዘመን የጠፋው ቱሪስት እንደገና ብቅ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር። መኪና ሳንቃበር ከሚባለው ሰፈር አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የእግርና የበቅሎ ነው። ጫኞች በተራ ነው የምንሠራው፤ ተራ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በዚያው ሰሞን አንድ ባልንጀራችን የፈረንጅ መኝታ ምንጣፍ መንገድ ላይ ጠፍቶበት ከተራ ተሰረዘ። ሰረቀ ያለው የለም፤ አልሰረቀም ብሎ የማለለትም የለም። ከዚያ በኋላ ያየሁት እንጨት በጀርባው ተሸክሞ ገበያ ሲወጣ ነው፤ በቅሎውን ሸጦ እሱ በቅሎ ሆነ።

እንግዲህ አንድ ማለዳ ደባርቅ ላይ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ከመኪና ወረዱ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ሰውነታቸው የመነመነ፣ ነፋስ ቢነሳ የምንይዛቸው ዓይነት። ከኋላቸው ሻንጣው ወረደ። ወገኖቼ፣ ያ ሻንጣ መሬት ሲነካ ዳባት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ተንቀጠቀጠ! ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው አወረዱት፤ አንደኛው እስከ ዛሬ ወገቡን ይዞ ነው የሚሄድ።

አብሮኝ የሚጭነው ደሳለኝ ሻንጣውን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «ይኼ ሻንጣ አይደለም፤ ውስጡ ሌላ ፈረንጅ አለ» አለ።

«አንድ ብቻ? ባልና ሚስት ናቸው እንጂ» አልኩት።

«ጎማ አለው እኮ! ጎማ ካለው ለምን ራሱ አይሄድም?»

አስጎብኚው ይርጋ የሚባል እንግሊዝኛ የጠገበ የደባርቅ ልጅ ነበር፤ ነገሩን አስረዳን። ሴትዮዋ የመጡት ለኛ ተራራ ብቻ አይደለም። በአውሮፕላን ከአገራቸው ተነስተው አንድ ትልቅ ከተማ ሰነበቱ፤ ከዚያ በሌላ አውሮፕላን አዲስ አበባ፤ ከዚያ በትንሿ አውሮፕላን ጎንደር። ከኛ ሲለዩ ደግሞ እንደገና በርረው ባሕር ዳርቻ ይደርሱና መርከብ ይሳፈራሉ። ባሕር ላይ ሁለት ሳምንት ሲበሉና ሲጨፍሩ ይከርማሉ፤ በየምሽቱ እራት ላይ ሌላ ልብስ፣ ሌላ ጫማ ነው። ስለዚህ ሻንጣው የአራት አገር ሻንጣ ነው።

«ታዲያ ሆቴል ለምን አይተዉትም?» አለ ደሳለኝ።

«ባለፈው በአውሮፕላን ጠፍቶባቸው ነበር። እሳቸው በአንድ በኩል፣ ሻንጣው በሌላ በኩል አገር ለአገር ሲፈላለጉ ነው የሰነበቱት። ከእንግዲህ አልለየውም ብለዋል» አለ ይርጋ።

ጫኝ ሁሉ ወደኋላ አለ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ወግ የምትሰሙት ከሌላ ሰው ነበር። እኔ ግን ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ። «ዳሚት ትችለዋለች!» አልኩ። ዳሚት በቅሎዬ ናት፤ ከደባርቅ እስከ መቀሌ እሷን የምታህል በቅሎ አልነበረችም፤ ይህ ማጋነን አይደለም፣ ሌሎቹን በቅሎዎች ጠይቁ። እሱም አልበቃኝም። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እጄን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ዘርግቼ፣ «አደራውን ተቀብያለሁ! ይህ ሻንጣ ከእጄ ተለይቶ ሜዳ ቢቀር የሚካኤል ሰይፍ ይቁረጠኝ!» ብዬ ማልኩ።

«አያ ውበቱ፣ ምን አስማለዎት? ማን ጠየቀዎት?» አለኝ ይርጋ ደንግጦ።

«አንተ ተርጉምላቸው» አልኩት።

ተረጎመላቸው። ሴትዮዋ አጨበጨቡ። ያቺን ጭብጨባ እናንተም ብትሆኑ ትወዷት ነበር።

ሻንጣው በግራ፣ ድንጋዬ በቀኝ ሆነው ዳሚት ተጫነች። ወደ ላይ የወጣንበትን ቀናት አላወራም፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ካላወቃችሁትም ምራቅ ስትተፉ በረዶ ሆኖ እግራችሁ ላይ ይሰበር ነበር ብላችሁ ያዙት። ሴትዮዋ ሻንጣውን አንድ ቀን እንኳ አልከፈቱትም። ማታ ማታ ድንኳናቸው ውስጥ አስገብተውት አጠገቡ ይተኛሉ፤ ጠዋት እኔ ተረክቤ እጭነዋለሁ። እንደ ታቦት ነበር የምናነሳው የምናስቀምጠው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስንመለስ፣ ከላይኛው ሰፈር ከጨነቅ ወደ ሳንቃበር በምንወርድበት ቀን፣ ደሳለኝ ድንኳኑንና ድስቱን ጭኖ ቀደም ብሎ ሄደ። ሴትዮዋና ይርጋ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት በገደሉ ጠርዝ ዞሩ። እኔና ዳሚት በዋናው መንገድ ብቻችንን ቀረን። ሳንቃበር አንድ ሰዓት መንገድ ያህል ሲቀረን፣ ከጎን ከጃናሞራ የሚመጣው መንገድ ከኛ ጋር የሚገናኝበት ላይ፣ ቃሬዛ የያዙ ስድስት ሰዎች ብቅ አሉ።

ስድስት ሰው ለቃሬዛ አይበቃም። ባገሬ ደንብ በሽተኛ ሲወጣ ደብሩ እንዳለ ይወጣል፤ አራቱ ሲደክም አራቱ እየተቀበለ ነው። ግን አጨዳ ነበር፤ ሰዉ በየማሳው ተበትኗል። የተገኙት ስድስቱ ብቻ ሆኑ፤ ከስድስቱም አንዱ ሽማግሌ ነበር። ቃሬዛውን ሲያወርዱ ትከሻቸው ላይ ሸሚዛቸው ከሥጋቸው ተጣብቆ አየሁ።

ቃሬዛው ላይ የነበረችው እናኑ ትባላለች። ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ልጁ አልወርድ ብሏል። ባሏ አዱኛ የሚባል፣ አጠር ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሳንቃበር የፈረንጆቹ መኪና ቆማ እንደምትጠብቅ ሰምቷል። መኪናዋ ላይ ከደረሱ ደባርቅ ሐኪም አለ።

«አያ፣ በወላዲቷ! በቅሎህን እስከ ሳንቃበር ስጠን። ከኋላዋ ሆኜ እደግፋታለሁ። ትከሻችን አለቀ» አለኝ።

«የሰው ዕቃ ይዛለች እኮ» አልኩት።

«እኛው እናወርደዋለን፤ አንተ አትልፋ። አባ እዚህ ተቀምጠው ይጠብቁልሃል» ብሎ ሽማግሌውን አሳየኝ።

ሽማግሌውን አየኋቸው። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ካልተናገርኩት ግን ወጉ ሐሰት ይሆናል። ያየሁት ፊታቸውን አይደለም፤ ጋቢያቸውን ነው። መላው እራፊ በእራፊ ነበር። ሰውን በጓዙ አውቃለሁ አላልኳችሁም? እኚህ ሰው ምንም ጓዝ የላቸውም አልኩ በልቤ፤ ምንም የሌለው ሰው ይህን የሚያህል ሻንጣ አጠገቡ ብቻውን ሲቀመጥ ምን ያስባል? ከተራ የተሰረዘው ባልንጀራዬ እንጨቱን ተሸክሞ በዓይኔ መጣ። መሐላዬ መጣ። የፈረንጇም ጭብጨባ መጣች።

እናኑ ዓይኗን ገልጣ ዳሚትን ትመለከት ነበር። «በቅሎዋ ደግ ትመስላለች» አለች። ሌላ ነገር ስትናገር አልሰማሁም።

እምቢ አላልኩም። እምቢ ብል ይሻል ነበር፤ ይሰድቡኝ ነበር፣ ይመቱኝ ነበር፣ ምናልባትም በቅሎዋን ቀምተው ይሄዱ ነበር። እኔ ግን ጥሩ ዘዴ አመጣሁ። «አድምጡኝ፤ እኔ ፈጥኜ ሳንቃበር ልድረስ። ሻንጣውን ላራግፍ፣ መኪናዋንም እንዳትንቀሳቀስ ላስቁም። ከዚያ በቅሎዋን ባዶዋን እየጋለብኩ እመጣላችኋለሁ። እናንተም ቀስ እያላችሁ ውረዱ፤ መንገድ ላይ እንገናኛለን» አልኳቸው።

ጥሩ ዘዴ አይደለም? እስካሁን ስንቱን ሰው ጠይቄ «ታዲያ ምን ልታደርግ ኖሯል?» ብሎኛል። አዱኛም ተቀበለኝ። «አደራህን አያ፣ እንዳትዘገይ» አለ። አያችሁ፣ ሁለተኛ አደራ ተቀበልኩ፤ የመጀመሪያውን ሳላወርድ።

ዳሚትን ገረፍኳት። በዕድሜዋ ተገርፋ አታውቅም ነበር። እየሮጠች ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ጠፍሩ ላላ፣ ኮርቻው ዞረ፣ ሻንጣው መሬት ላይ ተዘረረ፣ ድንጋዩም ተከተለው። በቅሎ ሁለት ጎን እንዳላት ነግሬያችኋለሁ፤ የሚጭናትም ሁለት ሰው ነው። አንዱ ይዞ አንዱ ያስራል። እኔ አንድ ነበርኩ። ሻንጣውን ወደ ቋጥኝ ላይ አንከባልዬ አወጣሁት፤ ዳሚትን አስጠጋሁ፤ ሲወድቅ እንደገና አወጣሁት። ጎማዎቹ ድንጋዩ ላይ ይሽከረከራሉ፤ እኔ እገፋለሁ፣ እሱ ይሸሻል። ስጀምር በመንገዱ በስተቀኝ የነበረው የቋጥኙ ጥላ ወደ ግራ ተሻገረ። በኋላ ሁለት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ደርሰው አገዙኝ። ሻንጣውን ጫንን። ድንጋዩንም ጫንን።

ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ እንኳ ሻንጣውን እዚያው ጥዬ መመለስ አልታየኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ አላለልኝም። ሰው አንዴ ከማለ ዓይኑ የሚያየው የማለበትን ነገር ብቻ ነው።

ሳንቃበር ደረስኩ፣ አራገፍኩ፣ መኪናዋን አስቆምኩ፣ ለደሳለኝ «ከሻንጣው ንቅንቅ እንዳትል!» ብዬ አዘዝኩትና በዳሚት ሽቅብ ጋለብኩ። ብዙም አልሄድኩ። ቃሬዛው ከአንዲት የጅብራ ተክል ሥር ተቀምጧል። ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አዱኛ ብቻ ቆሞ፣ ከራሷ እስከ እግሯ የሸፈናትን ጋቢ ነፋሱ እንዳይገልጠው ጫፉን ከእግሯ ሥር እየሸጎጠ ነበር። እግሯ እንዳይበርዳት የሚያደርግ ነው የሚመስለው።

ቀና ብሎ አየኝና፣ «ደረስክ፣ አያ?» አለኝ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ምን ነበረበት!

በቅሎዋን እንካችሁ አልኩ። ምን የሚሉት መስጠት ነው እሱ? ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ወዳገሯ ናት። አሁን አንቸኩልም» አሉ። ቃሬዛውን አንስተው፣ ሁለት ነፍስ ተሸክመው፣ የመጡበትን አቀበት ያዙት። እኔና ዳሚት ቆመን ቀረን። ዳሚት ምንም አልተጫነችም፤ እንደዚያ ቀን ግን አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

አመሻሹ ላይ ሴትዮዋ ሳንቃበር ሲደርሱ ይርጋ ነገራቸው። ምን ይላሉ መሰላችሁ? እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ እኔ ላይ ጮኹ። ይርጋ፣ «ገደል አትጥለውም ነበር ወይ፣ ጨርቅ ነው እኮ! ነው የሚሉት» አለኝ። እኔ በሚካኤል ሰይፍ የማልኩለትን፣ ባለቤቱ ገደል ይግባ አሉት። በማግስቱ ደባርቅ ላይ ሻንጣውን ከፈቱት፤ ትንሿ አውሮፕላን ይህን ሁሉ አትቀበልም ተብሎ ነበርና ማቃለል ነበረባቸው። ጫማ፣ ጫማ፣ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ደግሞ ጫማ። ግማሹን ላገኙት ሰው አደሉ። ለኔ የደረሰኝ አንድ ጥንድ ቀይ የሴት ጫማ ነው፤ ተረከዙ ሚስማር የሚያህል። ሚስቴ አንድ ጊዜ አይታው ቆጥ ላይ ወረወረችው። የቀለለው ሻንጣ በረረ፤ መርከብም ተሳፍሮ ይሆናል።

ብዙ ዓመት አለፈ። መንገዱም ለመኪና ተከፈተ፤ ዳሚትም ሞተች፤ እኔም ወገቤ እምቢ አለኝና ደጄ ላይ ተቀምጬ ለወጣት አስጎብኚዎች ወሬ እየነገርኩ እኖራለሁ። አንድ የገበያ ቀን አንድ ሽበታም ሰው መጣና ሰላምታ ሰጥቶኝ ደጄ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አዱኛ ነበር። ጠላ ተቀዳለት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ አወራን። ሌላ ሚስት አግብቷል፤ ልጆችም አሉት። ከዚያ ድንገት፣

«አያ፣ ያ ሻንጣ ምን ነበረበት?» አለኝ።

እኔ እኮ መዋሸት የማያቅተኝ ሰው ነኝ። መድኃኒት ነበር ልበለው? የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ነበር ልበለው? ሰውየው የሚሻው ሚስቱ ለትልቅ ነገር እንደቀረች የሚነግረው ሰው ይሆን ይሆናል። አፌን ከፈትኩ፤ ውሸቱ ግን አልመጣልኝም።

«ጫማ» አልኩት።

ጠላውን አንዴ ተጎነጨ። «ይሁን። የሰው ዕቃ ነው፣ አደራ ነው። በሌላው ጎንሳ? ከበቅሎዋ በስተቀኝ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ነበር።»

«ሚዛን ነው። ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ?»

«የተቀመጥክባት ናት።»

ተነሳ። ዞሮ አያት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቅፎ ከመሬት አላቀቃትና፣ ልጅ እንደሚታቀፍ ደረቱ ላይ ይዟት ቆመ። «እናኑ ከዚህች ብዙም አትከብድም ነበር» አለ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ቦታዋ መለሳት፤ እጁን አራገፈና፣ «የሻንጣውን አደራ የሰጠችህ ፈረንጇ ናት። የድንጋዩንስ አደራ ማን ሰጠህ፣ አያ?» አለኝ።

ጫኝ ነኝ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ድንጋዩ ከሌለ ሻንጣው አይቆምም። ጠላውን ጨረሰ፣ ደህና ሁን አለኝ፣ ወደ ገበያው ወረደ።

ወጣቶቹ አስጎብኚዎች ዛሬም ይመጣሉ፤ «አያ ውበቱ፣ የሻንጣውን ንገሩን» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። በየዓመቱ ክብደቱን እጨምርበታለሁ፤ ዘንድሮ ከደብሩ ደወል አስበልጬዋለሁ። ስለ ድንጋዩ ግን አልጨምርም፣ አልቀንስም። ደጄ ላይ ናት፤ ማወቅ የፈለገ መጥቶ ያንሳት።